የእድሩ ጎላ

ዓርብ ጠዋት የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ተሰብሮ ተገኘ። ለድግስ ወጥ የሚሠራበት ትልቁ የብረት ጎላ ክዳኑ ወልቆ ባዶውን ተቀምጧል። ረቡዕ ከሰዓት አሥራ አንድ ስማርት ስልክ የገባበት ጎላ ነው።

"መጀመሪያ መምህርቷ ትጠየቅ!" አለ አንዱ ከአጥሩ ሥር። "ያስፈራራችን እሷ አይደለችም?"

መምህርቷ ወንጌላዊት ሰማች፤ አንገቷን ደፋች። ባሏን የቀበረላት ይህ የሹም አቦ እድር ነው፤ ገና ዓመት አልሞላም። ከዚህ ከወጣች ማን አላት?

ነገሩ የተጀመረው በወሩ ስብሰባ ላይ ነበር። የባሏ ታናሽ ወንድም ጌትነት የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ነው። "እትዬ፣ የፊዚክስ መምህር አይደለሽ? ይህን በቴሌግራም የሚወራውን የቦምብ ነገር እስቲ አስረጂን" አላት።

እሷም ተነሣች። "ኑክሌር ቦምብ እጅግ ከፍ ብሎ ሰማይ ላይ ቢፈነዳ፣ ታች ያለ ሰው ድምፁን እንኳ ላይሰማ ይችላል። ግን ኃይለኛ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ይወርዳል። ረጃጅሙ የመብራት ሽቦ ይቀበለዋል። ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ የውኃ መግፊያ ሞተሩ ይቆማል፣ ሆስፒታሉ ይጨልማል።"

"ስልካችንስ?" አለች የጨርቅ ነጋዴዋ ዘይነት።

ሰዉ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል።

"እሱም ይቃጠላል" አለች ወንጌላዊት። "በብረት ተሸፍኖ ካልተቀመጠ።"

በሳምንቱ ሌላ ወሬ መጣ፤ ሞገዱ ሐሙስ ወይም ዓርብ ይወርዳል የሚል። ጌትነት ጎላውን አቀረበ። ሰዉ ስማርት ስልኩን በፎይል ጠቅልሎ አስረከበና ባለ ቁልፏን ተራ ስልክ ይዞ ቀረ።

ዓርብ ለምርመራ የመጣችው ኢንስፔክተር ሩሐማ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። ዘበኛውን ጋሼ ገድሉን አስጠራቻቸው።

"ትናንት ሌሊት እርስዎ ነበሩ?"

"እኔ ነበርሁ። ረቡዕ እንፍራንዝ ለቅሶ ሄጄ፣ ሐሙስ ቀትር ላይ ተመለስሁ።"

"ቁልፍ ሲሰበር አልሰሙም?"

"አልሰማሁም፣ ልጄ።"

"ሲያንኮራፉ ምኑን ይስሙት!" አለ አንዱ። ሰው ሳቀ። ሽማግሌው በፖሊስ ተይዘው ከግቢው ጥግ ተቀመጡ። ካፖርታቸውን አወለቁ፤ ኪሳቸው ሁሉ ተፈተሸ።

ጌትነት ወደ ፋብሪካ ሥራው የሚይዘውን ቦርሳ በትከሻው እንዳንጠለጠለ ቀረበ። "ሐሙስ ማታ ክዳኑን አንሥቼ ቆጥሬያቸዋለሁ። አሥራ አንዱም ነበሩ። የጠፉት ከዚያ በኋላ ነው።"

ዘይነት ከወንጌላዊት አጠገብ ቆማ ታጉረመርማለች። "ስልኬ ረቡዕ ማታ እንኳ ደህና ነበር። በባለ ቁልፏ ደወልሁበት፤ ጠራ።"

"ጠራ?" አለች ወንጌላዊት። "አላጠፋሽውም ነበር?"

"ካጠፋሁት ኮድ ይጠይቀኛላ! ኮዱን የምታውቀው ልጄ ተስኒም ናት፤ እሷ ደግሞ ወረታ ናት።"

"ደግሞ ለምን ደወልሽበት?"

"ሞገዱ ቀድሞ መጥቶ እንዳልነካው ላጣራ ነዋ!"

ወንጌላዊት ወደ ጎላው ዞራ አየች። ነገሩ ገብቷታል። ዝም ብትል ጋሼ ገድሉ ይታሰራሉ። ብትናገር የሚያዘው የባሏ ወንድም ነው፤ የባሏን አስከሬን ከፊት የተሸከመው። ሽማግሌው ካፖርታቸውን መልሰው ለመልበስ እጅጌው ጠፍቷቸው ሲደናበሩ አየች።

"ኢንስፔክተር፣ ስልክዎን ይስጡኝ።"

ፎይል አስመጥታ ስልኩን ሦስት ጊዜ ጠቀለለችው። ጎላው ውስጥ ከትታ ክዳኑን ገጠመች።

"አሁን ይደወልበት።"

ተደወለ። "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም" አለች የመስመሯ ሴት። ወንጌላዊት ስልኩን አውጥታ ፎይሉን ፈታች። ደግመው ሲደውሉ ጮኸ።

"የዘይነት ስልክ ረቡዕ ማታ ከጠራ፣ ረቡዕ ማታ እዚህ ውስጥ አልነበረም" አለች። ጌትነትን ሳታይ ቀጠለች። "ስለዚህ ሐሙስ ማታ አሥራ አንድ ስልክ ሊቆጠር አይችልም።"

ሩሐማ ዙሪያዋን አየች። "ረቡዕ ሁላችሁ ስትወጡ ማን ቀረ?"

ዓይን ሁሉ ጌትነት ላይ አረፈ።

"ሥራ ይረፍድብኛል" አለ።

ሩሐማ ፋብሪካው ደወለች። ረጅም ጊዜ አዳመጠች። "ከሥራ ከተቀነሰ ስምንት ወሩ ነው ይላሉ።"

"ውሸት ነው!" አለች ሚስቱ ውዴ። "ዛሬ ጠዋት እንኳ ምሳውን ቋጥሬለታለሁ!"

ቦርሳው ተከፈተ። ከምሳ ዕቃው ሥር ስምንት ስልኮች ተገኙ። ሦስቱን ዓባይ ማዶ መሸጡን ጌትነት አመነ።

"ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ እወጣለሁ፤ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ እውላለሁ" አለ ጌትነት መሬት መሬት እያየ። "ደመወዝ ደረሰ ብዬ የምገባበት ቀን ሲመጣ እበደር ነበር፤ አሁን ግን አበዳሪ አጥቼ ባዶ እጄን መግባት አፈርሁ። ቁልፉን የሰበርሁትም ከውጭ የመጣ ሌባ እንዲመስል ነው።"

"ጋሼ ገድሉ እንደሚያዙ አላሰብህም?" አለችው ሩሐማ።

"አስቤ ነበር" አለ።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ሰዉ ወንጌላዊትን ሊያመሰግን መጥቷል። እሷ ግን ሳይጠሯት ተነሣች።

"ያን ቀን ስለ ስልካችሁ የነገርኋችሁ እውነት አልነበረም። ከሽቦ ያልተያያዘ ትንሽ ስልክ ሊተርፍ ይችላል። ዋናው አደጋ መብራቱና ውኃው ነው። ይህን አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?" አለች ዘይነት።

ወንጌላዊት ነጠላዋን ጨበጠች። "ጸጥ ብላችሁ ሰማችሁኝ። ቤቴ ሰው ማናገር ከተውሁ ቆየሁ። ሁሉም ወደ እኔ ሲያይ... ደስ አለኝ። ጋሼ ገድሉ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

ጋሼ ገድሉ ከኋላ ወንበር ተነሡ። "እኔስ ድሮም ስልክ የለኝም። ያን ቀን ካልሽው የያዝሁት የውኃውን ነገር ነው። ጣና አጠገባችን ነው ብለን እንዳንዘናጋ፤ እንዲሁ አይጠጣም። ጎላው ታጥቦ ውኃ ይሞላበት።"

ማንም አልሳቀም። ወንጌላዊት ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ወደ ዕቃ ቤቱ ገባች፤ ጎላውን በሁለት እጇ አቅፋ አወጣችና ቧንቧው ሥር ተንበርክካ ታጥበው ጀመር።