ቀለም ያልነካው ጠርዝ

አባባ ቡንሎም ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በሮዝ ታክሲ አፍንጫና በመብራት ፖል መካከል ተጨፍልቀው ሞቱ። የቀለም ብሩሹን ከእጃቸው አልለቀቁም። ቀዩ ቀለም ፈስሶ ከደማቸው ጋር ስለተቀላቀለ ፖሊሶቹ የትኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት ተቸግረው ነበር።

መቶ አለቃ ማሊዋን ስምንት ሰዓት ላይ ስትደርስ ነገሩ ያለቀ መስሏል። የታክሲው ሹፌር ታዊን የኑድል ሻጯ የእትዬ ኦራታይ በርጩማ ላይ ተኮራምቶ ያለቅሳል፤ ከፊቱ «በቸልተኝነት ሰው ገድያለሁ» የሚል ወረቀት ተቀምጧል። ምስኪን! ከፈረመ እስር ቤት ነው። ሚስቱ ኑዋን ደግሞ ከአንገቷ በታች አትንቀሳቀስም፤ ከእሱ በቀር የሚያገላብጣት ሰው የላትም።

«ከተገላበጠች ሦስት ሰዓት አለፋት» አለ ታዊን። «ልፈርምና ደርሼላት ልምጣ። እኔ እንደሆን ራሴንም ማመን አቅቶኛል።»

ማሊዋን ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። አንድ ፖሊስ ወደ ኑዋን ልካ፣ «አንተ መጀመሪያ ንገረኝ» አለችው።

በእኛ ቅያስ የመኪና ማቆሚያ የለም። ሰው በር ላይ የሚያቆም ማርሽ ያወጣል፣ የእጅ ፍሬን ይለቃል፤ የቤቱ ባለቤት መውጣት ሲፈልግ መኪናውን ገፋ አድርጎ ያልፋል። ከቦዩ ድልድይ ሥር ግን መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ጎማው ፊት ጡብ ይደረጋል። ጡቡ በየቤቱ የአጥር በር ምሰሶ አናት ላይ ይቀመጣል፤ የፈለገ ይወስዳል፣ ሲጨርስ ወደነበረበት ይመልሳል። ሳይመልስ የሄደ ሰው እናቱ ሳትቀር ትሰደባለች። አባባ ቡንሎም በራቸው ላይ መኪና ማየት ስላንገሸገሻቸው የራሳቸውን ጡብ ቦይ ውስጥ ጥለውታል። ስለዚህ ታዊን ጠዋት ታክሲውን እዚያ ሲያቆም እንደወትሮው ከማዶ ከእትዬ ኦራታይ ምሰሶ ጡብ ወስዶ ጎማው ፊት አደረገና ወደ ሚስቱ ሄደ። እሱ የሚያስታውሰው እንዲህ ነበር። ፖሊሶቹ ሄደው ሲያዩ ግን ጡቡ ምሰሶው ላይ ቁጭ ብሏል።

«ሳልወስደው ነው የሄድኩት ማለት ነው» አለ። «እንቅልፍ ካጣሁ ሦስት ቀኔ ነው።»

ማሊዋን ቀጥላ የሟቹን የወንድም ልጅ ካሞንን ጠራች። ከሰሜን ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ቤቱን የሚወርሰው እሱ ስለሆነ ሰፈሩ በእሱ ላይ ማንሾካሾክ ጀምሯል። ጠዋት ከአጎቱ ጋር መጣላቱን አልደበቀም። የመንገድ ጠርዝ የሚቀባው ማዘጋጃ ቤት ነው ቢላቸው፣ ማዘጋጃ ቤቱን ስጠብቅ አርጅቼ ልሞት ነው ብለው የቀለም ቆርቆሯቸውን ይዘው ወጡ።

«እዚህ ሰፈር ጡብ የሚያመጡት ከየት ነው?» አለችው።

«የምን ጡብ?» አለ ካሞን።

እትዬ ኦራታይ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ጮኻ ሰው የሰበሰበችው እሷ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ለኑዋን በየቀኑ የሩዝ አጥሚት የምትልክም እሷ ናት፤ ሳንቲም ተቀብላ አታውቅም።

«ታዊን ምን ያድርግ ልጄ፣ ደክሞት ነው» አለች። «ጡቡ ከጠዋት ጀምሮ ከምሰሶዬ አልተነሳም። እዚሁ ተቀምጬ ሳየው ነበር።»

«ገበያ ነበር?»

«ማን ይመጣል ብለሽ! ቀይና ነጩን ሲያዩ ሞተራቸውን እያዞሩ ሄዱ።»

ማሊዋን ጠርዙን ተከትላ ሄደች። ቀይና ነጭ ጠርዝ መቆም ክልክል ማለት ነው፤ የቆመ ጎማው ይታሰራል። የአባባ ቡንሎም መስመር ግን ጠማማ ነው፤ ደግሞም በራቸው ጋ አላቆመም። ሠላሳ እርምጃ ያህል አልፎ የእትዬ ኦራታይ ደንበኞች ሞተራቸውን የሚያቆሙበትን ሁሉ ጠቅልሎታል። ታክሲው መጀመሪያ የቆመበት ጋ ስትደርስ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«አባባ የቀቡት ታክሲው ከቆመ በኋላ ነው» አለች። «ያገኙትን እንቅፋት ሁሉ እየዞሩ ነው የቀቡት። እዚህች ጋ ባዶ ቀርታለች፣ አያችሁ? ታዊን፣ ጎማ ቅርፁ ምንድን ነው?»

«ክብ።»

«ይቺስ?»

ባዶዋ ቦታ አራት ማዕዘን ነበረች፤ ስፋቷም አንድ መዳፍ። ታዊን ሁለት እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«አድርጌው ነበር» አለ። «አድርጌዋለሁ።»

ማሊዋን ወደ ማዶ ተሻገረች፤ ተከተሏት። ምሰሶው ላይ ያለውን ጡብ ልታነሳ ብትል እምቢ አላት። በሁለት እጇ ስትጠመዝዘው ተላቀቀ። ከሥሩ ቀይ ቀለም ነበር፤ ደርቆ ከምሰሶው ጋር አጣብቆታል።

«ጎረቤት በዳሌው መኪናውን ገፋ አድርጎ ጡቡን ለመሳብ አፍታም አይፈጅበትም» አለች። «ካሞን ቢስበው የትም ይጥለው ነበር፤ የማን እንደሆነ አያውቅም። ታዊን ቢሆን ጡቡ ምሰሶው ላይ ተገኝቶ እንዲታሰር አይመልሰውም። ወደ ቤቱ የመለሰው ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ከምሰሶዬ አልተነሳም፣ ሳየው ነበር ያሉኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

እትዬ ኦራታይ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው» አለች። «በርዎን ይቅቡ፣ የኔን እንጀራ ይተዉልኝ አልኳቸው። ዞረውም አላዩኝ። ጡቡን የሳብኩት ታክሲው የቀለሙን ቆርቆሮ እንዲደፋባቸው ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ብሩሹን ሊነክሩ ጎንበስ አሉ… ጡቡን እንዴት እንደመለስኩት አላውቅም። እጄ ነው የመለሰው።»

«እኔን ግን እትዬ?» አለ ታዊን።

ፖሊሶቹ ደግፈው ሲያስነሷት ወደ እሱ ዞር አለች።

«አጥሚቱ ምድጃው ላይ ነው። ኑዋን ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም።»

ታዊን ወደ ድስቱ ሄደ። ሊደፋው እጁን ሰደደ፤ አልቻለም። በጨርቅ ይዞ እያለቀሰ ወደ ቤቱ ድልድዩን ወጣ። ኑዋን ማን ላከልን ብላ ስትጠይቀው እንደ ሁልጊዜው «እትዬ ኦራታይ» አላት።