መብራት የሚያስበራ መጽሐፍ

«ይሄ መብራት አያስበራም» አለ ነጋሲ፣ መጽሐፉን ለሰምሃል እያቀበላት። «ጅቡ ገና ከመምጣቱ ወሬ ይጀምራል። ወሬኛ ጅብ ማን ይፈራል?»

ሰምሃል ሳቋን ዋጥ አድርጋ መጽሐፉን በግራዋ ካለው ክምር ላይ አስቀመጠችው። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወለል ላይ፣ በካርቶኖች መሃል ተቀምጠዋል። መስኮቱ ቢከፈት አቧራው አያስቀምጥም። ከአጥሩ ማዶ የነበሩት የካዛንቺስ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ከውጭ የሚሰማው የማሽን ድምፅ ብቻ ነው። ከክፍሏ ልጆችም ብዙዎቹ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቲቸር ጽጌሬዳ ይህን ሥራ ለዘጠነኛ ክፍሏ ሰምሃል የሰጧት ባለፈው ሳምንት ነበር። «አምስተኛና ስድስተኛ ክፍሎች ለንባብ ሳምንት የሚያስፈራ ካልሆነ አናነብም ብለዋል» አሏት። «ከተለገሱት ውስጥ አንቺ ምረጪላቸው። ለዕድሜያቸው ከኔ ይልቅ አንቺ ትቀርቢያለሽ።»

«የቱ እንደሚበዛባቸው በምን አውቃለሁ ቲቸር?»

ቲቸር ጽጌሬዳ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት። «መፍራታቸው አያሳስብሽ። ልጅ መፍራት ይወዳል። አንቺ የመጨረሻውን ገጽ እዪ። ልጁን ጨለማ ውስጥ ብቻውን ትቶት የሚያልቅ ከሆነ ለኔ መልሺልኝ።»

ነጋሲ ግን የራሱ መለኪያ አለው። የአጎቷ ልጅ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል። አባቱ ሃይለአብ «አዲስ አበባ ይማርልኝ» ብሎ ከአዲግራት ልኮት ቂርቆስ እነ ሰምሃል ቤት ነው የሚኖረው። ማታ ሳሎን ሶፋው ላይ ያነባል። አንብቦ፣ መብራት አጥፍቶ ከተኛ በኋላ፣ ተነስቶ መልሶ እንዲያበራ የሚያደርገው መጽሐፍ «መብራት ያስበራል» ይባላል። ሌላው ሁሉ ለነጋሲ የሕፃን ነው።

በሩ ተከፈተና ፈትያ ቦርሳዋን እያንጠለጠለች ገባች። ፈትያ የሰምሃል የክፍል ጓደኛ ናት፤ ቤታቸውም በር ለበር ነው።

«እንዴ ፕሮፌሰር!» አለችው ነጋሲን። «ዛሬ ስንት ጭራቅ ገደልክ?»

«ሁሉንም። የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ይሄ ውርጋጥ!»

ለኩርኩም እጇን አነሳች። ነጋሲም እንደልማዱ አንገቱን ቀበረ። የፈትያ እጅ ግን መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረ። ጣቶቿን ዘርግታ ፀጉሩን ቀስ ብላ ዳበሰችው።

ነጋሲ ቀና ብሎ አያት። ፈትያ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። «በቃ ታክሲ ሳይጠፋ እንሂድ» አለች። «ሰልፉ ከረዘመ ለገሃር ድረስ በእግራችን ነው።»

ሰምሃል ጓደኛዋን በዓይኗ ገሠጸቻት። ነጋሲ ከቀሩት መጻሕፍት አንዱን፣ ሽፋኑ ላይ የተቆለፈ በር የተሳለበትን፣ አንስቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

ሃይለአብ ሞቷል።

ከፋሲካ በኋላ ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ አልወጣም። የሰምሃል እናት መድኃኒት «ለስልጠና ሐዋሳ ልሄድ ነው» ብላ ነጋሲን ስማ ወጣች፤ አዲግራት ሄዳ ወንድሟን ቀብራ ተመለሰች። ስትመለስ ለነጋሲ ከሐዋሳ ያመጣሁልህ ነው ብላ ሜክሲኮ አደባባይ የገዛችውን ካልሲ ሰጠችው።

የስድስተኛ ክፍል ፈተና ደርሷል። ዘመዶቹ ተመካክረው፣ ፈተናውን እስኪጨርስ አይነገረው፤ ከዚያ ሽማግሎች በጠዋት መጥተው መርዶውን ይነግሩታል አሉ። ከልጆቹ ለሰምሃል ብቻ ተነገራት። ፈትያ ያወቀችው ደግሞ የመድኃኒት ጥቁር ልብስ እነሱ ቤት፣ በእናቷ በወይዘሮ አዚዛ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለተሰቀለ ነው። መድኃኒት ከቢሮ ስትመለስ ወደ አዚዛ ቤት ጎራ ትላለች። እዚያ ጥቁሯን ለብሳ ታለቅሳለች። ከዚያ አበባ ያለበትን ቀሚሷን መልሳ ለብሳ፣ ዳቦ ይዛ፣ ወደ ቤቷ ትገባለች።

ማልቀሱ ቤት ውስጥ ሲመጣባት መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ትከፍታለች። ውሃ በሚጠፋባቸው ቀናት ግን ቤት ውስጥ ማልቀሻ የላትም። ሰምሃል እነዚያን ቀናት ከእናቷ ትከሻ ታውቃቸዋለች።

ሰምሃል የራሷን አባት ለቅሶ በጥቂቱ ታስታውሳለች። ደጁ ላይ ድንኳን ነበር፤ ሰው እየመጣ ከእናቷ ጋር ይጮህ ነበር። ያኔ ያ ሁሉ ጩኸት አስፈርቷት ነበር። አሁን ግን የሚያስፈራት የቧንቧው ድምፅ ነው።

«ልትነግሪው ቢዳዳሽ አባትሽን አስቢ» ብላታለች እናቷ፣ እጇን አጥብቃ ይዛ። «ሃይለአብ እኮ ሌላ ምንም አልተመኘም። ይሄን ልጅ ማስተማር ብቻ ነው። ፈተናውን ላስጥለው? እኔ ላስጥለው?»

«አልነግረውም እማዬ።»

«ማዪልኝ።»

በአባቷ ስም ምላለች።

ሃይለአብ ድሮ ሁልጊዜ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውል ነበር። መጀመሪያ ስልኩ ተበላሽቷል ተባለ። ቀጥሎ ለሥራ ገጠር ወርዷል፤ ኔትወርክ የለም። ነጋሲ «እሺ» አለ። ነጋሲ ለሁሉም ነገር እሺ ማለት ከጀመረ ቆየት ብሏል።

ቅዳሜ ምሳ ላይ አንድ ብርጭቆ ሰበረ። ለእንግዳ ካልሆነ ከብፌው ከማይወጡት፣ መድኃኒት ራሷ ብቻ ከምታጥባቸው ብርጭቆዎች አንዱን። ሰምሃል ባለፈው ዓመት አንዱን ስትሰብር ለሳምንት ተወርቶባታል።

መድኃኒት ከወንበሯ ብድግ አለች። ከዚያ ስብርባሪውን አየች፤ ነጋሲንም አየች።

«እንኳን አንተን አልቆረጠህ» አለች። «ተወው የኔ ጌታ፣ ብርጭቆ ነው። እኔ አነሳዋለሁ።»

ነጋሲ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። አክስቱ ተንበርክካ ስትለቅም ከላይ ሆኖ ያያት ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ውሃ መጣች። መድኃኒት ባልዲዎቹን ሞላች፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ቧንቧው ተከፈተ።

ነጋሲ ሶፋው ላይ የሒሳብ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ከሥሩ ሌላኛውን፣ በሩ የተሳለበትን፣ አወጣና ለሰምሃል ሰጣት።

«ይሄን አትምረጪው።»

«መብራት አያስበራም?»

«ለዚህ መብራት ምንም አያደርግለትም።»

ሰምሃል አጠገቡ ተቀመጠች። «ጭራቁ ምን ዓይነት ነው?»

«ጭራቅማ ቢኖረው ጥሩ ነበር።» የሒሳብ መጽሐፉን ጠርዝ በጥፍሩ ይፍቃል። «ቤቱ ውስጥ የተቆለፈ ክፍል አለ። ልጁ ‹ውስጡ ምንድነው ያለው?› ሲላቸው ‹አሮጌ ወንበር ነው› ይሉታል። አያቱም፣ ሠራተኛዋም፣ ጎረቤቶቹም። ሁሉም ያው ወንበር። ደግሞ ጥሩዎች ናቸው። ማለቴ... በቃ፣ በጣም ጥሩዎች ናቸው። ማንም አይቆጣውም።»

«መጨረሻውስ?»

«አልጨረስኩትም። አንቺ ጨርሺውና ንገሪኝ።»

ሰምሃል የመጨረሻውን ምዕራፍ ገልጣ ማንበብ ጀመረች። ነጋሲ ዓይኑን ሒሳቡ ላይ ተክሏል፤ ገጽ ግን አልገለጠም። ልጁ ቁልፉን ከአያቱ ትራስ ሥር ያገኘዋል። በኮሪደሩ ይሄዳል። ሁሉም እየሰሙት ነው፤ ማንም ግን ከክፍሉ አይወጣም። ልጁ በሩን ይከፍታል። እዚያ ላይ ያልቃል።

ይሄ ለቲቸር ጽጌሬዳ ይመለሳል፣ ብላ አሰበች። መጽሐፉን ዘጋችው።

«ብቻውን ነው የከፈተው?» አለ ነጋሲ።

«አዎ።»

«ይሄማ ያስታውቃል።»

ከመታጠቢያ ቤቱ የውሃው ድምፅ ይመጣል። ባልዲዎቹ ከሞሉ ቆይተዋል።

«ብርጭቆውን ሆን ብዬ ነው የሰበርኩት» አለ ነጋሲ።

«ምን?»

«አሞ ትቆጣኛለች ብዬ።» አክስቱን እንደ ሀገሩ «አሞ» ነው የሚላት። «ብትቆጣኝ ኖሮ...» አልጨረሰውም። «ፈትያም ድሮ ትኮረኩመኝ ነበር።»

ነጋሲ የመጽሐፉን ጠርዝ መፋቁን ተወ። ፊቷን ሳያይ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «አባዬ ያለበት ኔትወርክ የለም፣ አይደል?» አለ።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ ከስንት ጊዜ ልምምድ በኋላ ምላሷ ላይ ነው ያለው። አዎ ብትለው እሺ ይላል፤ ሒሳቡን ይሠራል፤ ይፈተናል። ምናልባት ያልፋል። የሃይለአብ ምኞት፣ የእናቷ ልፋት፣ የራሷ መሐላ፣ ሁሉም በአንዲት አዎ ይጠበቃሉ። ነጋሲ ራሱ አዎ እንድትለው አመቻችቶ ነው የጠየቃት።

ግን ያን ኮሪደር እየሄደበት ነው። ከተነሳ ሰንብቷል። እሷም፣ ፈትያም፣ እናቷም ከየክፍላቸው ሆነው እርምጃውን እየሰሙ ነው።

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተነሳች። እጇን ዘረጋችለት።

«ና።»

«የት?»

«እማዬ ጋ።»

ነጋሲ እጇን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ነጠላ ጫማውን ከሶፋው ሥር መፈለግ ጀመረ። አንዱን አገኘ። ሁለተኛው እግሯ ሥር ነበር፤ አይቶታል፤ ቢሆንም ሌላ ቦታ ፈለገ። ሰምሃል አላጣደፈችውም። በመጨረሻ አደረገውና እጇን ያዘ።

መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ውሃው ይፈሳል። ሰምሃል አንኳኳች።

«መጣሁ!» አለች መድኃኒት ከውስጥ፤ ለነጋሲ ብቻ በምታወጣው ብሩህ ድምፅ። «ፊቴን እየታጠብኩ ነው። ራባችሁ እንዴ?»

«አልራበንም እማዬ። ክፈቺልን።»

«ትንሽ ቆዩ፣ አሁን...»

«ነጋሲ አብሮኝ ነው» አለች ሰምሃል። «ምንም አልነገርኩትም። ግን እዚህ በሩ ላይ ቆመናል። ሁለታችንም።»

ውሃው ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ፈሰሰ። ነጋሲ ወደ ሰምሃል ተጠጋ፤ ትከሻው ክንዷን ነካት። ወደ ሳሎን ግን አልተመለሰም።

ከዚያ ቧንቧው ተዘጋ።