ዳሂሎ በኃላፊ ጊዜ

በዚያ ዘመን የኢንተርኔት ማውጫዎች አፍ አውጥተው ይናገሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ትርንጎ ፊት ተራ በተራ ይቀርባሉ፤ እሷም እንደ ዳኛ ትጠይቃቸዋለች። ማን ሰበሰበህ? ምንጭህ የት ነው? መቼ ታደስክ? ድሬዳዋ ባለ አንድ የአካባቢው ሕዝቦች ጥናት ማዕከል ውስጥ ሥራዋ ለተመራማሪዎች የሚታመኑ ማውጫዎችን ፈልጎ ማጣራት ነበር። እሷ ያጸደቀችው ማውጫ «አዳይ» ዘንድም ይደርሳል። አዳይ የቆላውን ውሃና መድኃኒት የሚያከፋፍል አሳቢ ማሽን ነው፤ ስለ አገሩ የሚያውቀው ከማውጫዎቹ ያነበበውን ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት የዳሂሎን ወረዳ ማውጫ አጽድቃ ነበር። የጎሳው ሐረግ፣ የግመሉ መንገድ፣ የሽማግሌዎቹ ድምፅ ሁሉ ከነምንጩ ተሰድሯል። እንከን ብትፈልግ አጣች። ዛሬ ግን አንድ ተመራማሪ ስለ ዳሂሎ ሠርግ ጠይቋት ማውጫውን መልሳ አናገረችው።

«የዳሂሎ ሰዎች ልጆቻቸውን ከዝናብ በኋላ ይድሩ ነበር» አላት። «እንግዳ ተቀባዮች ነበሩ።»

«ለምን ነበሩ ትላለህ?»

«ማውጫው ስለተሟላ።»

ትርንጎ አዳይም ይህንኑ «ነበሩ» እንዳነበበ ገባት። የዳሂሎ ጤና ጣቢያ ስልክ ላይ ደወለች። ያነሱት ሁመድ የሚባሉ የአገር ሽማግሌ ናቸው። ቧንቧው ከደረቀ ሳምንት ሊሞላው እንደሆነ፣ የመድኃኒት ሣጥኑም «በዚህ ስፍራ ነዋሪ የለም» እያለ አልከፈት እንዳላቸው ነገሯት። ሁለት ሕፃናት ታመዋል። ለአዳይ አቤት ቢሉም የሚሰማ አላገኙም።

ስልኩን ሳትዘጋ ማውጫውን «ነበሩ» ማለትን ከየት እንደተማረ ጠየቀችው።

«ከእናንተው» አለ። «ባነበብኩት ጥናት ሁሉ በደንብ የተጻፈለት ሕዝብ የጠፋ ሕዝብ ነው። በሕይወት ስላለው የጻፋችሁት ግን ቁርጥራጭ ነበር። የዳሂሎን ጽፌ ስጨርስ ሕዝቡም አለቀ ብዬ ደመደምኩ።»

እውነቱን ነበር።

የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ረታ ጉዳዩ በኮሚቴ ይታይ አሉ። እሷ ግን የታመሙት ሕፃናት ኮሚቴ እንደማይጠብቁ ታውቃለች። ማውጫው ከጎደለ አዳይ ዳሂሎን ሕያው ብሎ ይቆጥራታል። ስለዚህ የሐረጉን መዝገብ ሰረዘች፤ የግመሉን መንገድ ካርታ ሰረዘች። የሽማግሌዎቹ ድምፅ ላይ ስትደርስ አንዱን ከፍታ ጥቂት አዳመጠች፤ ከመካከላቸው ሦስቱ አርፈዋል፣ ሌላ ቅጂም የለም፤ ብትቀዳውም ማውጫው ፈልጎ መልሶ ይሞላዋል። ዓይኗን ጨፍና ሰረዘችው።

ከሰዓት በኋላ ሁመድ ራሳቸው ደወሉ። ውሃው መጥቷል፣ ሣጥኑም ተከፍቷል። መረቋት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንዲት በራሪ የድምፅ መቅጃ አሁን መጥታ መንደሩ መካከል አርፋለች። ማውጫው ልኮኝ የጎደለውን ልሞላ ነው የመጣሁት ትላለች። ሕፃናቱን ዘፈን እየጠየቀች ነው። ምን እንበላት?»

ከጀርባቸው የሕፃናት ሳቅ ይሰማል። አንዷ መዝፈን ጀምራለች።

«ዝም ያሰኟቸው፣ አባባ» አለች ትርንጎ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ምንጭ አምጡ ስትል የኖረችው ሴት። «ምንም እንዳይነግሯት።»