ከድር ያሰመረው መንገድ

«አሁን በየት በየት እንደሮጣችሁ በእርሳስ አስምሩ» አለ አሰልጣኝ ዘላለም። ሁልጊዜም ከውድድር በኋላ የሚያሠራቸው ይህንኑ ነው፤ በካርታና በኮምፓስ እየተመራ የሮጠ ሁሉ መንገዱን ካርታው ላይ ያሰምራል፤ ውጤቱ የሚጸድቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጆቹ ሸዋ በር አጠገብ በጀጎል ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ነፃነት ልታሰምር ስትል ዓይኗ የከድር ካርታ ላይ አረፈ። ፈላና በር ከተተከለው የውድድሩ ምልክት ባንዲራ ተነስቶ በረጅሙ ቅያስ ዙሪያውን እያሰመረ ነው። ከኋላው ስትሮጥ አይታዋለች፤ በዚያ አላለፈም። በአክስቱ ግቢ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ካርታው ላይ በወይራ ቀለም የተቀባ ሁሉ የሰው ግቢ ነው፤ የረገጠው ከውድድሩ ይሰረዛል።

«ምንድን ነው የምታሰምረው?» አለችው በሹክሹክታ።

«መንገዴን ነዋ።»

«በአክስትህ ቤት ነው የወጣኸው።»

ከድር ዙሪያውን ቃኘ። «በር ላይ ቆማ ነበር። ሰላም ሳልላት ልለፋት? ‹ና እለፍ› ብላ ገለል አለችልኝ። እግሬም ለምዶታል፣ ነፂ። ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ነው የሚያቋርጠው። ወላሂ፣ አስቤበት አይደለም።»

«ታዲያ ይህንኑ ንገረው።»

«አታካብጂ ባክሽ። የማን ቤት ሰበርኩ?»

ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሷም ስንቴ አብራው በዚያ ግቢ አቋርጣለች። ግን ኬንያ ውስጥ ለሚጀመረው ዓለም አቀፍ የውድድር ወቅት ክለቡ የሚልከው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ከድር አንደኛ ወጥቷል፤ እሷ ሁለተኛ። ብትናገር የምትሄደው እሷ ናት፤ ጓደኛዋን አሳጥታ ሄደች ይሏታል። ዝም ብትል ደግሞ፣ ያን ቅያስ ደረቷ እስኪቃጠል የሮጠችው ለምን ነበር?

ላጲሷን ካርታው ላይ አስቀመጠችለት። «አጥፋውና አስተካክለው። እኔ ከምናገር አንተ ብትናገር ይሻላል።»

ከድር ላጲሱን ገፋው። «ቀንተሽ ነው።»

ትንሽ እውነት ስላለበት ይበልጥ አመማት።

አሰልጣኙ መጥቶ የከድርን ካርታ አነሳ። «በዚህ ሁሉ ዙሪያ ሮጠህ ነው ቀድመህ የደረስከው? ነፃነት፣ ከኋላው አንቺ ነበርሽ። በዚህ ነው ያለፈው?»

ከድር ያልተፈታ የጫማ ክሩን ማሰር ጀመረ።

«አይደለም፣ ኮች» አለች። «በአክስቱ ግቢ ነው የወጣው። ልምድ ሆኖበት ነው እንጂ ሆን ብሎ አይደለም። ውድድሩ ይደገም ቢባል ደስ ይለኛል።»

«ይደገም አይደገም እኛ እንወስናለን» አለ ዘላለም ቀስ ብሎ። «ከድር፣ እውነት ነው?»

ከድር በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ማንንም ሳያይ ተነስቶ በሩን አልፎ ወደ ጀጎል ገባ።

ሌላ ቀን ቢሆን እየተበሻሸቁ አብረው ነበር የሚሄዱት። ነፃነት ቦርሳዋን አንግታ ተከተለችው። አልጠራችውም። ዞር ብሎ ቢሰድባትም እንኳ፣ ቤቱ እስኪደርስ ከኋላው ልትሄድ ወሰነች።