አስራ አንደኛው ሜትር

የለካሁትን ብቻ ነው የምነግራችሁ። ከራሴ የጨመርኩት የለም።

ጃንዋሪ 3፣ 2002። ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። አትላንታ ዳር፣ ፓይን ሌክ ያለው ቤታችን።

ከጋራዡ በር እስከ አስፋልቱ ዳገቱ 31 ሜትር ነው። በረዶው 11 ሴንቲሜትር። ማንም አልረገጠውም።

ባለቤቴ መነን ምጥ ይዟታል። አምቡላንሱ ከላይ አስፋልቱ ላይ ቆሟል፤ ሰዎቹ በዚህ በረዶ ቁልቁል አንወርድም ብለዋል። በፊት ለፊቱ በር ተሸክመናት ልንወጣ ስንል ገና ደረጃው ላይ ሁለታችንም ወደቅን።

ሁለታችንም ያልኩት እኔና ወንድሟ አምባዬ ነን። አንድ ቤት ስንኖር ሰላም ከተባባልን ወር አልፎናል።

የሣር ማጨጃ ትራክተሬ ፊት ላይ በረዶ መጥረጊያ ገጥሜ ነበር። ከበርሜል ቆርጬ፣ ጠመዝማዛ ምላጭ በይጄ።

«አትላንታ ውስጥ በረዶ መጥረጊያ!» ብሎ አምባዬ ሲስቅብኝ ነው የከረመው። «ቀጥሎ መርከብ ሥራ፣ ኢንጂነሩ።»

ምላጩን ከዘንጉ ጋር ያሰርኩት ሆን ብዬ በለስላሳ ብሎን ነው። ጠንካራ ነገር ከነካ ብሎኑ ይሰበርና ምላጩ ይቆማል።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ የጋራዡን በር ከፈትኩ።

በረዶው ላይ ዱካ አለ...

ከአስፋልቱ ወደ እኛ የመጣ። ከጋራዡ በር ልክ አስራ አንደኛው ሜትር ላይ ሲደርስ ይቆማል።

የተመለሰ ዱካ የለም።

ለካሁት። 29.5 ሴንቲሜትር። የግራው ተረከዝ ላይ ስንጥቅ አለ።

ትራክተሩን አስነስቼ ወጣሁ። አስራ አንደኛው ሜትር ላይ... ቀጭ።

ብሎኑ ተሰበረ። ምላጩ ውስጥ ምንም የለም።

ቀየርኩ። እዚያው ቦታ ላይ... ቀጭ።

«ውረድ!» አለኝ አምባዬ። «እህቴን በዚህ መጫወቻህ ልትገድላት ነው?» ጠንካራ የብረት ብሎን ሊገጥም ጎንበስ አለ።

ያኔ የግራ ጫማውን ተረከዝ አየሁት።

ስንጥቅ አለው።

«አምባዬ...» አልኩ በሹክሹክታ።

«ምን?»

ከሌሊት ጀምሮ ከቤቱ አልራቀም። ዱካው የሱን ጫማ እንደሚመስል ልነግረው እችል ነበር።

«ምንም» አልኩት። «ንዳ።»

አስራ አንደኛው ሜትር ላይ ሞተሩ አንዴ አቃሰተ... ከዚያ አለፈ።

ከጋራዡ ውስጥ መነን ጮኸች። ወደ እሷ ዞርኩ።

ስመለስ ትራክተሩ አስፋልቱ ጋ ደርሶ ቆሟል። ሞተሩ ይሠራል። ወንበሩ ባዶ ነው።

ደም የለም። የተረጨው በረዶ ነጭ ነው። የአምቡላንሱ ሰዎች «ትራክተሩ ብቻውን ነው የመጣው» አሉኝ።

በተጠረገው መንገድ መነንን አወጣናት። ልጃችን በሰላም ተወለደች። አምባዬን ፖሊስ እስካሁን ይፈልገዋል።

በአምስተኛው ቀን በረዶው ሁሉ ቀለጠ። የጫማ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ነጭ የበረዶ ግግሮች ብቻ የዳገቱ ኮንክሪት ላይ ቀሩ። ጣታቸው ወደ ቤታችን ነው።

ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ።

ከጋራዡ በር፣ አስር ሜትር ከአርባ ሴንቲሜትር። ያን ቀን ልክ አስራ አንድ ነበር።