ፀሐይ ያየች ሰሌዳ

ተመራማሪው የሞተው ላቦራቶሪው ውስጥ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ታጣፊ አልጋው ላይ ነው። የናይትሮጅኑ ሲሊንደር ተከፍቶ አልቋል፤ መስኮቱም መጋረጃውም ዝግ ነበር። ጋዙ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው እንደተኛ ያስቀረዋል። አለቆች «ብቸኛ ሰው ነበር፣ ራሱን አጥፍቶ ነው» ብለው ፋይሉን ሊዘጉ ቸኮሉ። ብቸኝነት ብቻውን የሚገድል ቢሆን ኖሮ ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ እስካሁን ስንት ጊዜ በሞተች! ቤቷ ስትገባ እንዴት ዋልሽ የሚላት ሰው የላትም።

የሟቹ እህት ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ራሱን ካጠፋ የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ማታ ደውሎ ነበር። ‹ቀይዋን ሰሌዳ ጨለማ ውስጥ ትቻታለሁ። ነገ መጥተሽ አብረን ፀሐይ እናሳያት፤ ፀሐዩን ካልቻለች እውነቱን ለሁሉም እናገራለሁ› አለኝ። ቶሎ ዘጋሁበት።»

መርፌ ሟቹ ወደተገኘባት ጠባብ ክፍል ገባች። ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው የሙከራ ውጤት ሁሉ ተጠርጎ ጠፍቷል። ከመስኮቱ ሥር፣ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ፣ ጥፍር የምታህል ሰሌዳ ቆማለች። ከቀይ የመዳብ ዝገት የተሠራች፣ ፀሐይ ስታርፍባት ውሃውን ሰንጥቃ ለነዳጅ የሚሆን ጋዝ ለዓመታት ታወጣለች ተብሎ የታወጀላት ናት። ቀይ ግን አልነበረችም፤ ከሰል መስላለች። መርፌ መሃረቧን ጣል አደረገችባትና ሬሳውን ያገኙትን ዘበኛ ጠራች።

«አባባ፣ መጋረጃውን ከፍተውት ነበር?»

«ኧረ እኔ አልነካሁትም! ቀትር ላይ ድምፁ ሲጠፋብኝ ገባሁ፤ አምፖል አብርቼ አየሁትና ጮህኩ።»

የሟቹ የሥራ ሸሪክ የነበረው ፕሮፌሰር ግን ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ድርሽ አላልኩም አለ። ዓይኑን ጠረገ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያቺን የጠቆረች ሰሌዳ ብትሰጡኝ? የተበላሸች ናት፣ ለእናንተ አትጠቅምም» አለ።

መርፌ ሦስቱንም ጠባቧ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«አባባ ጋዝ ሞልቶበት ያደረ ዝግ ክፍል ገብተው ራሳቸውን እንኳን አላዞራቸውም። ስለዚህ ከእሳቸው በፊት መስኮቱን ከፍቶ ያናፈሰ፣ መልሶም የዘጋ ሰው አለ። ሲሊንደሩን ማታ የከፈተው፣ ጠዋት የሙከራውን ውጤት ከኮምፒውተሩ ሊያጠፋ የተመለሰው እሱ ነው። መጋረጃው ሲከፈት ፀሐይ ሰሌዳዋን አገኘቻት። ፕሮፌሰር፣ ከመጣሁ ጀምሮ መሃረብ ሸፍኗታል። መጥቆሯን በምን አወቁ?»

ፕሮፌሰሩ ሳቀ። «የመዳብ ዝገት ነዋ! ውሃ ውስጥ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል። ገምቼ ነው።»

«መጋረጃው ዝግ ነበር እየተባለ ብርሃን አገኛት ብለው ገመቱ? ደግሞስ ዓመታት ትሠራለች ብለው ለዓለም ያወጁላት ሰሌዳ አንድ ጠዋት አትዘልቅም ማለት ነው። እሱ ሊናገር የነበረው ይህንኑ ነው።»

የፕሮፌሰሩ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። በፖሊስ ታጅቦ ወጣ።

እህትየው ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«ራሱን አላጠፋም» አለቻት መርፌ። «እርስዎ አልገደሉትም። ጠዋት ቢመጡም አይደርሱለትም ነበር።»

«ምን ብዬ እንደዘጋሁበት ያውቃሉ?» አለች እህትየው። «‹አንተም ውሃህም ተዉኝ› ነው ያልኩት። ይህን ሰምቶ ነው የተኛው።»

 መርፌ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።