ዘይት ያልገባበት ቤንዚን

የኢንጂነር ኡልሪኽ ታንበርት አስከሬን የተገኘው ራሱ በነደፋት ትንሽ መኪና ውስጥ ነው። መኪናዋ ከዳገቱ አናት ቁልቁል ወርዳ ከጥድ ዛፍ ጋር ተላትማ ነበር። መኪና ሠሪ በገዛ መኪናው መሞቱ ለወሬ ይመቻልና፣ የሳክሶኗ ከተማ ከቁርስ በፊት ፍርዷን ሰጥታ ጨረሰች። ፍሬኑ አልያዘም፤ ፍሬኑን የሚያስተካክለው ሞካሪው ሾፌር ሎሬንትስ ዚስከ ነው፤ ስለዚህ ጥፋተኛው ዚስከ ነው።

ያ እ.ኤ.አ. የ1933 መጸው ሰው ከተወሰደ የት ደረሰ ተብሎ የማይጠየቅበት ጊዜ ነበር። ዚስከ ደግሞ የሠራተኛ ማኅበር ሰው በመሆኑ ቀድሞውንም በክፉ ዓይን ይታይ ነበር። ከተያዘ በሕይወት ስለመመለሱ ማንም እርግጠኛ አልነበረም።

መርማሪ ብሩኖ ዴግነር ከኬምኒትስ ከተማ በሞተር ብስክሌቱ መጣ። አስከሬኑን አገላብጦ አየ። ከዚያ ጣቱን በመኪናዋ ቤንዚን ነክሮ አሸ፣ አሸተተ፣ እስኪደርቅም ጠበቀ። የሞተሩን ማስነሻ እጀታ ሊያዞር ቢታገል ንቅንቅ አልል አለው። ከዚያ መኪናዋ ወደተሠራችበት ፋብሪካ ሄደ።

መጀመሪያ ያነጋገረው እዚያው ግቢ የምትኖረውን የሟቹን ሚስት ወይዘሮ ሄድቪግን ነው።

«ባለቤትዎ ከሰው ተጣልተው ነበር?»

«ከክሮነ ጋር፣ ከሽያጭ ኃላፊው። መኪናዋን በርሊን ኤግዚቢሽን ላይ በራሱ ስም ሊያወጣት ፈለገ። ኡልሪኽ ደግሞ ‹የሠራተኛ ቤተሰብ የሚሳፈርባት ናት፤ ተሞክራ ሳታልቅ አላወጣትም› አለው። ትናንት ማታ እዚሁ ወርክሾፑ ውስጥ ሲጨቃጨቁ ትቻቸው ወጣሁ።»

ዚስከ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀረበ።

«ፍሬኑን መቼ አየኸው?»

«ትናንት፣ ከታንበርት ጋር። ገመዱን የወጠረው እሱ ራሱ ነው። ግን ምን ዋጋ አለው ጌታዬ? እኔን ለማሰር ፍሬን አያስፈልጋቸውም።»

ኤግበርት ክሮነ ከአንድ ትልልቅ መኪና ከሚሠራ ፋብሪካ የመጣው በቅርቡ ነው። ኮቱ ላይ አገሩን የሚገዛው ፓርቲ ዓርማ ያብለጨልጫል።

«ይችን የልብስ ስፌት ሞተር ምን ያስነካካዎታል?» አለ። «እኔ በባለ ስድስት ሲሊንደር ያደግሁ ሰው ነኝ። ሾፌሩን ይያዙና ይሂዱ፣ ሾርባዎ ይቀዘቅዛል።»

ዴግነር ግን ሦስቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«አደጋው የደረሰበትን ቦታ አብረን እናያለን። እዚህ ያለችው ሁለተኛዋ የሙከራ መኪና ግን ነዳጅ የላትም። አቶ ክሮነ፣ ጣሳው አጠገብዎ ነው፤ ይቅዱላት እስቲ።»

ክሮነ እያጉረመረመ ጣሳውን አንስቶ መገልበጥ ጀመረ።

«ኧረ ዘይቱስ?» አለች ሄድቪግ። «ሞተሩን ሊያደርቁት ነው?»

ክሮነ እጁ ላይ ጣሳው እንዳለ ቀረ።

«የዚህች መኪና ሞተር ለብቻው ዘይት አይሞላለትም» አለ ዴግነር። «ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። ወይዘሮ ሄድቪግ ያውቃሉ፣ ዚስከ ያውቃል፣ እኔም ከሞተር ብስክሌቴ ተምሬዋለሁ። ታንበርት ደግሞ የሠራት ሰው ነው። ከመኪናዋ የወሰድኩት ቤንዚን ግን ጣቴ ላይ ደርቆ ጠፋ፤ ቅባት የሚባል አልተወም። ሞተሩም ዳገቱን ሲወጣ ደርቆ ተጣብቋል። እንግዲህ መኪናዋ አናቱ ላይ ሞታ ቆማ ነበር፤ ቁልቁል የሄደችው ሰው ገፍቷት ነው።»

«ኡልሪኽስ?» አለች ሄድቪግ።

«መኪናዋ የተጋጨችው በፊቷ ነው፤ የእሳቸው ቁስል ማጅራታቸው ላይ ነው። እዚህ ተጣሉ፣ ተገፉ፣ ጠረጴዛው ላይ ካለው የብረት መቆንጠጫ ሞርሳ ጋር ተጋጩ። ገዳዩ አደጋ ለማስመሰል አስከሬኑን መኪና ላይ ጫነ። ነዳጅ ስላልነበራት፣ በትልልቆቹ መኪናዎች እንደለመደው ንጹህ ቤንዚን ሞልቶ ዳገቱ ላይ አወጣት። እዚህ ቤት እንዲህ የሚቀዳ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ክሮነ ጣሳውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ጎበዝ ነዎት» አለና ወደ ስልኩ ሄደ። ጥቂት ካወራ በኋላ እጀታውን ለዴግነር አቀበለው። የተሰማው የዴግነር አለቃ ድምፅ ነበር።

«ዴግነር፣ የፍሬን አደጋ ነው። ሾፌሩን ይዘህ ና። አንተ ካላመጣኸው በሩ ላይ ያሉት ይወስዱታል።»

ዴግነር በመስኮቱ አየ። ቡናማ ሸሚዝ የለበሱ የፓርቲው ታጣቂዎች አጥሩን ተደግፈው ቋሊማቸውን ይበላሉ፤ የቸኮሉ አይመስሉም። እምቢ ቢል ዚስከን ለእነሱ አሳልፎ መስጠቱ ነው፤ እሺ ቢል ደግሞ በገዛ እጁ ሊያስረው ነው።

ዚስከ ጨርቁን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ከእርስዎ ጋር ልሂድ» አለ። «ቢያንስ እስከ ጣቢያው እደርሳለሁ።»

ሄድቪግ መርማሪው ፊት መጥታ ቆመች።

«ጠዋት አደጋ ነው ብዬ ነበር የማለቅሰው» አለችው። «አሁን ግን ይሄን ሰው በየቀኑ እዚህ ሳየው ልኖር ነው። ለምን ነገሩኝ?»

ዴግነር የዚስከን ክንድ ይዞ ወጣ፤ በሩንም ክሮነ ከፈተላቸው።